አምፖል ለማደብዘዝ ምን ልጠቀም? ከሬዚስተር እስከ ሞስፌት የሚያነጻጽር መመሪያ

«የ60 ዋት አምፖሌን ብርሃን በግማሽ መቀነስ እፈልጋለሁ፤ ስንት ኦም ሬዚስተር ልግዛ?» ኤሌክትሮኒክስ መነካካት የጀመረ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህን ይጠይቃል። እኔም ጠይቄያለሁ። ችግሩ ያለው ጥያቄው ውስጥ ነው፤ ዕቃው አስቀድሞ ተመርጧል፣ አምፖሉ ግን ምን ዓይነት እንደሆነ አልተነገረም። ለአንዱ አምፖል ምርጥ የሆነው ሰርኪት ሌላውን ብልጭ ድርግም ያደርገዋል፣ ሦስተኛውን ደግሞ ያቃጥለዋል። ስለዚህ እዚህ የማነጻጽረው ዕቃን ከዕቃ ብቻ አይደለም፤ ዕቃውን ከሚሠራለት አምፖል ጋር አያይዤ ነው።

ስሌቶቹን የሠራሁት ለ220 ቮልትና ለ50 ኸርዝ ነው። 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ባለበት ቦታ የዕቃዎቹ መጠን ይለወጣል፤ አሠራሩ ግን ያው ነው።

## መጀመሪያ አምፖሉን ለዩ

ባለ ክር አምፖል፦ ሃሎጅንም እዚሁ ይመደባል። ክሩ ግሎ ነው የሚያበራው፤ ሙቀቱም ቶሎ ስለማይለቀው ኤሌክትሪኩ ለጥቂት ሚሊ ሰከንድ ቢቋረጥበትም ብርሃኑ አይጠፋም። ለማደብዘዝ ከሁሉም የሚመቸው እሱ ነው። ሁለት ጠባዮቹን ግን ማወቅ ያስፈልጋል። የ60 ዋት አምፖል ሲበራ ሬዚስታንሱ 807 ኦም ገደማ ነው፤ ጠፍቶና ቀዝቅዞ በመልቲሜትር ብትለኩት ግን ከዚያ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት እጥፍ ያነሰ ነው የምታገኙት። በሚበራበት ቅጽበት ብዙ ከረንት የሚስበው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ጠባዩ፣ ብርሃኑ ከቮልቴጁ ይልቅ በጣም ፈጥኖ ይወርዳል። ቮልቴጁን ወደ 70 በመቶ ብታወርዱት 30 በመቶ ያህል ብርሃን ይቀራል፤ ወደ ግማሽ ብታወርዱት አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ።

በቀጥታ 220 ላይ የሚሠራ ኤልኢዲ አምፖል፦ ሆዱ ውስጥ ድራይቨር የሚባል ትንሽ ሰርኪት አለው። ብዙዎቹ ድራይቨሮች የተሠሩት የሚገባው ቮልቴጅ ከፍ ዝቅ ቢልም ለኤልኢዲዎቹ ያልተለወጠ ከረንት እንዲሰጡ ነው። እናንተ ስትቀንሱ እሱ ለማካካስ ይታገላል፤ ሲያቅተው በድንገት ይጠፋል ወይም መርገብገብ ይጀምራል። ካርቶኑ ላይ «ዲመብል» (የሚደበዝዝ) የሚል ጽሑፍ ወይም የዲመር (የማደብዘዣ) ምልክት ከሌለው ለማደብዘዝ አትሞክሩት። በጥቅል ፍሎረሰንት አምፖልም ላይ ሕጉ ይኸው ነው።

በ12 ወይም በ24 ቮልት ዲሲ (አቅጣጫው በማይለዋወጥ ኤሌክትሪክ) የሚሠራ ኤልኢዲ፦ ስትሪፕ የምንለው ጥቅልና ከአዳፕተር ጋር የሚመጡት ትንንሽ መብራቶች እዚህ ይገባሉ። ለጀማሪ የምመክረው ይህን ነው። ኮረንቲ አይገድልበትም፣ ስህተት ቢሠራም የሚጠፋው አንድ ትራንዚስተር ነው።

## በምን እንመዝናቸው

ዕቃ ከመግዛቴ በፊት የማነሳቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ ብርሃኑ እስከ ምን ድረስ ዝቅ ይላል፣ ለስላሳስ ነው ወይስ በደረጃ? ይርገበገባል ወይስ ድምፅ ያወጣል? የተቀነሰው ኃይል የት ይሄዳል፣ ወደ ሙቀት ነው? እጄ የሚነካው ክፍል ከ220 ቮልት የተለየ ነው? ሲበላሽስ ምን ይሆናል? ዋጋውን የማየው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም ከዕቃዎቹ አብዛኞቹ ርካሽ ናቸው፣ ውድ የሚሆነው የተሳሳተውን ገዝቶ እንደገና መግዛት ነው።

«ግማሽ ብርሃን» ስትሉ ምን ማለታችሁ እንደሆነም አስቀድማችሁ ወስኑ። ዐይናችን እንደ መለኪያ መሣሪያ አያይም። በመሣሪያ ሲለካ ወደ ሩብ የወረደ ብርሃን ለዐይን ግማሽ ያህል ይመስላል፤ ወደ አሥር በመቶ የወረደውም አንድ ሦስተኛ ያህል። ስለዚህ ክፍሉ ጨለምለም እንዲል የሚፈልግ ሰው በመሣሪያ ሲለካ ከአንድ በመቶ በታች የሚወርድ ነገር ያስፈልገዋል። ይህን የሚችሉት ጥቂቶቹ ናቸው።

## ሬዚስተር

ሬዚስተር ከረንት የሚገድብ ዕቃ ነው። ከ60 ዋት አምፖል ጋር በተከታታይ 807 ኦም እናስገባ። ክሩ ሬዚስታንሱን ባይለውጥ ኖሮ ሁለቱ ቮልቴጁን እኩል ተካፍለው እያንዳንዳቸው 15 ዋት ይወስዱ ነበር። ክሩ ግን በረድ ሲል ሬዚስታንሱ ይወርዳል፤ ስለዚህ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ሬዚስተሩ ነው፣ 20 ዋት ገደማ። አምፖሉ ጋ የሚደርሰው ከ90 ቮልት በታች ስለሚሆን የሚቀረው ብርሃን ጥቂት ነው። በሌላ አነጋገር ከብርሃኑ ይልቅ የበዛው ምድጃ ነው። ተራው ሩብ ዋት ሬዚስተር በዚህ ቦታ ወዲያው ይጨሳል፤ 20 ዋት የሚችለው ደግሞ እጅ የሚያቃጥል ሴራሚክ ስለሆነ ማብሪያ ማጥፊያ ሳጥን ውስጥ መቅበር እሳት መጥራት ነው።

የቲያትር መድረክ መብራቶች ድሮ በትልልቅ ተለዋዋጭ ሬዚስተሮች ይደበዝዙ ነበር፤ ሙቀቱን ግን ለብቻው በተዘጋጀ ቦታ ነበር የሚያስወግዱት። ለቤት መብራት ይህን መንገድ እርሱት። ለአንዲት አነስተኛ 12 ቮልት የዳሽቦርድ አምፖል ብቻ ይሆናል።

## ዳዮድ

ዳዮድ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ ነው፤ አንድ 1ኤን4007 ዳዮድ በተከታታይ ስታስገቡ ከሞገዱ ግማሹ ብቻ ያልፋል። ውጤታማው ቮልቴጅ ወደ 71 በመቶ፣ ብርሃኑም ወደ 30 በመቶ ይወርዳል። ዳዮዱ ራሱ እምብዛም አይግልም። እስከ 1000 ቮልት ይችላል፤ 1 አምፔር ያሳልፋል፤ ለአንድ 100 ዋት አምፖል ከበቂ በላይ ነው። ዳዮዱን የሚዘልል ማብሪያ ጎን ለጎን ብታስገቡለት «ሙሉ» እና «ደብዛዛ» የሚል ሁለት ደረጃ ይኖራችኋል። የክሩ ዕድሜም በጣም ይረዝማል፤ ሌሊቱን ሙሉ ለሚበራ ባለ ክር የመተላለፊያ መብራት ከዚህ የቀለለ መፍትሔ አላውቅም።

ጉድለቱ፣ በሰከንድ 50 ጊዜ ብቻ ስለሚገፋ ብርሃኑ ሲርገበገብ ስሜቱ ያለው ሰው ያየዋል። መጽሐፍ ለሚነበብበት ቦታ አይሆንም። ኤልኢዲ ወይም ትራንስፎርመር ባለበት መስመር ላይ ፈጽሞ አታስገቡት፤ በዳዮድ ያለፈ ግማሽ ሞገድ ትራንስፎርመርን ያግላል፣ ያቃጥላልም።

## ካፓሲተር

የጣሪያ ማራገቢያን ፍጥነት በደረጃ የሚለውጠው ሳጥን ብዙ ጊዜ ውስጡ ካፓሲተር ነው። ካፓሲተር (ቻርጅ የሚያጠራቅም ዕቃ) በኤሲ፣ ማለትም አቅጣጫው በሚለዋወጠው የቤት ኤሌክትሪክ ላይ እንደ ሬዚስተር ከረንት ይገድባል፤ ግን አይግልም። 4 ማይክሮ ፋራድ በ50 ኸርዝ 796 ኦም ያህል ይከላከላል። ከ60 ዋት አምፖል ጋር ሲገባ አምፖሉ ጋ 140 ቮልት ገደማ ይደርሳል፣ ከብርሃኑም አንድ አምስተኛ ያህል ይቀራል። ሞገዱን ስለማይቆርጥ ሬዲዮ አይረብሽም፣ ክሩም አይዘፍንም።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው በካፓሲተሩ ዓይነት ነው። ኤሌክትሮሊቲክ (ፕላስና ማይነስ የተለየለት ዓይነት) ከሆነ ይፈነዳል። «400 ቮልት» ብቻ የተጻፈበት ብዙ ጊዜ ለዲሲ ነው። የምትፈልጉት የሞተር ካፓሲተር ወይም «ኤክስ2» የሚል ምልክትና የኤሲ ቮልቴጅ የተጻፈበትን ነው። ከጎኑም ሁለት 220 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ተከታትለው ይግቡ፤ ካልገቡ መብራቱ ከጠፋ በኋላ ጫፎቹን የነካ ሰው በውስጡ በቀረው ይመታል። ለኤልኢዲ አምፖል አይሆንም።

## ቫርያክ

ቫርያክ ቮልቴጁን ከዜሮ ጀምሮ በእጅ የሚያስተካክል ትራንስፎርመር ነው። ሞገዱ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ከባድ፣ ግዙፍና ውድ ነው። ለመሞከሪያ ጠረጴዛ ካላችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ለመኝታ ቤት መብራት ብላችሁ ግን አትግዙት። ከመስመሩ የሚለይ መስሏችሁ እንዳትዘናጉም፤ አብዛኞቹ አንድ ጥቅል ሽቦ ብቻ ስላላቸው የሚወጣው ቮልቴጅ 20 ቢሆንም ከፌዝ (ኮረንቲ ካለበት ሽቦ) ጋር የተገናኘ ነው።

## ትራያክና ዳያክ

ግድግዳ ላይ የሚገጠሙት ተራ ዲመሮች አብዛኞቹ ይህ ናቸው። ኤሲ ሞገዱ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮን ይነካል፤ እያንዳንዱ ግማሽ ሞገድ 10 ሚሊ ሰከንድ ይቆያል። ትራያክ በእያንዳንዱ ግማሽ ሞገድ መጀመሪያ ዝግ ሆኖ ይጠብቃል፣ ምልክት ሲደርሰው ይከፈታል፣ ከረንቱ ወደ ዜሮ ሲወርድ በራሱ ይዘጋል። የሚቀነሰው ጊዜ ስለሆነ ትራያኩ ላይ የሚባክነው ትንሽ ነው፦ ሲከፈት ከ1 እስከ 1.5 ቮልት ብቻ ይወስዳል። ለ100 ዋት አምፖል ግማሽ ዋት ገደማ ማለት ነው።

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፦ አንድ ትራያክ፣ 32 ቮልት አካባቢ የሚከፈት ዲቢ3 ዳያክ፣ 500 ኪሎ ኦም ፖቴንሽዮሜትር (በማዞሪያ የሚስተካከል ሬዚስተር)፣ ከእሱ ጋር በተከታታይ 10 ኪሎ ኦም፣ እና 100 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር። ካፓሲተሩ በፖቴንሽዮሜትሩ በኩል ይሞላል፤ 32 ቮልት ሲደርስ ዳያኩ ተከፍቶ ትራያኩን ይቀሰቅሰዋል። ፖቴንሽዮሜትሩ በጨመረ ቁጥር መሙላቱ ይዘገያል፣ መብራቱም ይደበዝዛል።

የትኛው ትራያክ? ብዙ ሰው የሚያነሳው ቢቲ136 ነው፤ 4 አምፔር ይችላል፣ ያለ ሂት ሲንክም (ሙቀት የሚያስወግድ ብረት) እስከ 200 ዋት አካባቢ ይሠራል። የ400 ቮልቱን ሳይሆን የ600 ቮልቱን ግዙ፤ የ220 ቮልት ሞገድ ጫፉ 311 ቮልት ነው፣ ላዩ ላይ የሚዘልለው ድንገተኛ ጭማሪ ሲታከልበት 400 አይተማመኑበትም። እኔ ግን ለ60 ዋትም ቢሆን ቢቲኤ16ን እመርጣለሁ፤ ሁለት ምክንያት አለኝ።

የመጀመሪያው ምክንያት ጀርባው ላይ ያለው ብረት ነው። የቢቲ136 ብረት ከአንዱ የኤሌክትሪክ እግር ጋር የተገናኘ ስለሆነ ሂት ሲንክ ስታስሩበት ሂት ሲንኩ በሙሉ ኮረንቲ ይሆናል። የቢቲኤ16 ብረት ከውስጥ ተለይቷል፤ በስሙ ውስጥ ያለው «ኤ» ይህን ይነግራችኋል፣ «ቢቲቢ» የሚሉት ግን አልተለዩም። ሁለተኛው ምክንያት ክሩ ሲበጠስ ይታያል። ባለ ክር አምፖል ሲቃጠል አልፎ አልፎ ውስጡ የእሳት ቅስት ይፈጠርና በአንድ ቅጽበት ብዙ አምፔር ይስባል። ቢቲ136 ለአንድ ሞገድ የሚታገሠው 25 አምፔር ሲሆን ቢቲኤ16 160 አምፔር ነው። አምፖል ተቃጥሎ አዲስ ስትቀይሩ ዲመሩ አልቀንስም ብሎ በሙሉ ብርሃን ብቻ ከበራ ትራያኩ ሾርት ሆኗል ማለት ነው።

ቀላሉን ሰርኪት የሠራ ሰው የሚገርመው አንድ ነገር አለ። ማዞሪያውን ቀስ ብላችሁ ከጥግ ስታመጡት አምፖሉ ለረጅም መንገድ ጨለማ ይሆንና በድንገት ቦግ ይላል፤ ከዚያ ወደ ኋላ ስትመልሱት ግን ቦግ ካለበት ቦታ አልፎ በጣም ደብዛዛ እስኪሆን ድረስ ይወርዳል። ፖቴንሽዮሜትሩ የተበላሸ መስሎኝ ሁለት ቀይሬያለሁ። ምክንያቱ ካፓሲተሩ ነው። ዳያኩ በተከፈተ ቁጥር ከካፓሲተሩ ጥቂት ቮልት ይቀንሳል፤ ስለዚህ የሚቀጥለው ግማሽ ሞገድ መሙላት የሚጀምረው ከሌላ ቦታ ነው፣ ቀድሞም ይደርሳል። መድኃኒቱ ሁለተኛ ካፓሲተር ነው፦ የመጀመሪያው ካፓሲተር ሁለተኛውን በ15 ኪሎ ኦም በኩል ይሙላው፣ ዳያኩም ከሁለተኛው ይቀስቀስ። የወረደውን የመጀመሪያው ስለሚተካለት ቦግታው በጣም ይቀንሳል። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ዲመር ስትገዙም ከፍታችሁ ብታዩ፣ ሁለት ካፓሲተር ያለው ከባለ አንዱ ይሻላል።

ትራያክ ሞገዱን መሐል ላይ በድንገት ስለሚከፍተው ሬዲዮን ይረብሻል፣ ክሩንም ጥዝ ያሰኛል። በተከታታይ 100 ማይክሮ ሄንሪ ኮይል፣ ከመስመሩ ጎን ደግሞ 100 ናኖ ፋራድ ኤክስ2 ካፓሲተር ቢገባ ሁለቱም ይቀንሳሉ። በጣም ርካሽ ዲመሮች የሚያስቀሩት መጀመሪያ ኮይሉን ነው።

ለኤልኢዲ አምፖልስ? ትራያክ ተከፍቶ ለመቆየት ቢያንስ ጥቂት ሚሊ አምፔር ይፈልጋል። ባለ 7 ዋት ኤልኢዲ በ220 ቮልት በአማካይ 32 ሚሊ አምፔር ያህል ቢስብ ነው፤ ሲደበዝዝ ደግሞ ከዚያ ይወርዳል። ትራያኩ መሐል ላይ ይለቀዋል፣ እንደገና ይያዛል፣ መብራቱም ይርገበገባል። አሮጌ ዲመሮች ላይ «ከ40 ዋት ጀምሮ» የሚል የተጻፈው ለዚህ ነው። ጥርጣሬ ካደረባችሁ አንድ ባለ ክር 40 ዋት አምፖል ከኤልኢዲው ጎን ለጎን አብሩ፤ መርገብገቡ ከቆመ ጥፋቱ የጭነት ማነስ ነው፣ ኤልኢዲው ደኅና ነው።

## ትራያክን በማይክሮኮንትሮለር ማዘዝ

መብራቱን በስልክ ወይም በሰዓት ማዘዝ የሚፈልግ ወደዚህ ይመጣል። ከማይክሮኮንትሮለሩ (ፕሮግራም ከሚጻፍለት ትንሽ ኮምፒውተር) ሌላ ሁለት ነገር ይጨመራል፦ ሞገዱ ዜሮን ሲነካ የሚያሳውቅ ክፍልና ትራያኩን በብርሃን የሚቀሰቅስ ኦፕቶካፕለር። ኮንትሮለሩ ከዜሮው ጀምሮ ቆጥሮ ይተኩሳል፤ 5 ሚሊ ሰከንድ ከጠበቀ ኃይሉ ግማሽ ይሆናል። ወደ 10 ሚሊ ሰከንድ አትጠጉ፤ አልፎ ወደሚቀጥለው ግማሽ ሞገድ ከገባ መብራቱ በድንገት ሙሉ ይበራል።

ሦስት ምሽት የበላብኝን ስህተት እዚህ ልንገራችሁ። ኤምኦሲ3021 እና ኤምኦሲ3041 በቅርጽ፣ በእግርና በአገናኝ አንድ ናቸው። 3041 ግን ውስጡ የዜሮ መጠበቂያ አለው፤ መቼም እዘዙት መቼ የሚከፍተው ሞገዱ ዜሮ አጠገብ ሲሆን ብቻ ነው። ለማብራትና ለማጥፋት ግሩም ነው፣ ለማደብዘዝ ግን አይሠራም። ፕሮግራሙን ደጋግሜ ያየሁት በከንቱ ነበር፤ ኦፕቶካፕለሩን በ3021 ስቀይረው ወዲያው ሠራ። ዋይፋይ ባለው ቦርድ ስትሠሩም ኔትወርኩ ቆጠራውን ሲያቋርጠው መብራቱ ይንቀጠቀጣል፤ ተኩሱን በሃርድዌር ታይመር አሠሩት ወይም ለዲመሩ ብቻ ሌላ ትንሽ ኮንትሮለር መድቡ።

## ከኋላ የሚቆርጥ ዲመር

ትራያክ የግማሽ ሞገዱን መጀመሪያ ይቆርጣል። ይኸኛው ተቃራኒ ነው፦ ከዜሮ ጀምሮ ክፍት ሆኖ መሐል ላይ ይዘጋል። ትራያክ በፈለጉበት ቅጽበት ስለማይዘጋ ሥራው የሚሠራው ጀርባ ለጀርባ በተያያዙ ሁለት ከፍተኛ ቮልቴጅ ሞስፌቶች (በቮልቴጅ የሚታዘዙ ትራንዚስተሮች) ነው። ቮልቴጁ ከዜሮ በዝግታ ስለሚነሣ የኤልኢዲው የመግቢያ ካፓሲተር በድንገት አይመታም፤ ጥዝታም የለውም ማለት ይቻላል። ለዲመብል ኤልኢዲ አምፖሎች ከሁሉ የሚስማማው ይህ ነው። የብረት እምብርት ላለው ትራንስፎርመር ግን አይሆንም፤ ከረንቱን በድንገት ሲያቋርጠው ከፍተኛ ቮልቴጅ ይዘልላል።

በቤት ለመሥራት ይከብዳል፤ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ግዙ። ስትገዙ ፊቱ ወይም ጀርባው ላይ ያሉትን ፊደላት እዩ፦ «አር» ለባለ ክር አምፖል፣ «ኤል» ለብረት ትራንስፎርመር፣ «ሲ» ለኤሌክትሮኒክ ትራንስፎርመርና መሰል ጭነት ነው። «አር፣ ኤል» የሚለው ከፊት ይቆርጣል፣ «አር፣ ሲ» የሚለው ከኋላ። ለኤልኢዲ የተፈቀደው ዋትም ብዙ ጊዜ ለብቻው፣ ለባለ ክር ከተፈቀደው በጣም አንሶ ይጻፋል።

## ሞስፌትና ፒደብሊውኤም

ለ12 እና ለ24 ቮልት ኤልኢዲ መልሱ ይህ ነው። ፒደብሊውኤም ማለት ኤልኢዲውን በሰከንድ ከሺህ ጊዜ በላይ እያበሩና እያጠፉ የሚበራበትን ጊዜ ድርሻ መለወጥ ነው። ቀለሙ አይለወጥም፣ ዝቅታውም ከሁሉም ይበልጣል።

ትእዛዙን ከሁለት ቦታ ማግኘት ይቻላል። ኤንኢ555 የሚባለው የታይመር ቺፕ በአንድ ፖቴንሽዮሜትርና በሁለት 1ኤን4148 ዳዮድ ፕሮግራም ሳይጻፍለት ይሠራል፤ ለአንድ ማዞሪያ ከበቂ በላይ ነው። ማይክሮኮንትሮለር ደግሞ ቀስ ብሎ መብራትን፣ በሰዓት ማዘዝን ይፈቅዳል።

ምርጫው የሚከብደው በመቀያየሪያው ትራንዚስተር ላይ ነው። ቲአይፒ122 በየቤቱ ይገኛል፤ ሲከፈት ግን ከ1 እስከ 2 ቮልት ያስቀርባችኋል። በ3 አምፔር ከ3 እስከ 6 ዋት ሙቀት ነው፣ ስትሪፑም 12 ቮልቱ ሙሉውን አይደርሰውም። አይአርኤፍ540ኤን ጥሩ ሞስፌት ነው፤ ግን ጌቱ (ትእዛዝ የሚቀበለው እግሩ) ላይ 10 ቮልት ይፈልጋል። ዳታ ሺቱ (የአምራቹ መግለጫ) ላይ «ትሬሾልድ ከ2 እስከ 4 ቮልት» የሚለውን አይቼ ከ3.3 ቮልት ቦርድ ጋር አገናኝቼው ነበር፤ ስትሪፑ ደብዘዝ አለ፣ ሞስፌቱን ስነካው ጣቴን አቃጠለኝ። ያ ቁጥር ሞስፌቱ ከአንድ ሚሊ አምፔር በታች ማሳለፍ የሚጀምርበት ነው፣ ሙሉ የሚከፈትበት አይደለም። መታየት ያለበት «ሲከፈት የሚኖረው ሬዚስታንስ» የሚለውና በስንት ቮልት ጌት እንደተለካ ነው።

በ5 ቮልት ለሚያዝዝ ቦርድ አይአርኤልዜድ44ኤን ውሰዱ፤ ከ«አር» ቀጥሎ ያለው «ኤል» በዝቅተኛ ቮልት የሚከፈት መሆኑን ያመለክታል። በሜትር 14.4 ዋት የሚወስድ 5 ሜትር ስትሪፕ 72 ዋት፣ ማለትም በ12 ቮልት 6 አምፔር ነው፤ ይህ ሞስፌት ላይ አንድ ዋት ገደማ ይባክናል፣ ትንሽ ሂት ሲንክ ይበቃዋል። በ3.3 ቮልት ለሚያዝዝ ቦርድና ለጥቂት አምፔር ኤኦ3400 ይሻላል፤ በጣም ትንሽ ስለሆነ ግን መበየዱ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጌቱ ላይ በተከታታይ ከ100 እስከ 220 ኦም፣ ከጌት ወደ ሶርስ (ከማይነስ ጋር ወደሚገናኘው እግር) ደግሞ 10 ኪሎ ኦም አስገቡ፤ ሁለተኛው ከሌለ ቦርዱ እስኪነሣ ድረስ መብራቱ እንደፈለገው ያበራል። ሞስፌቱ የሚገባው ከአዳፕተሩ በኋላ በዲሲው በኩል ነው፤ ተራ አዳፕተርን በትራያክ ዲመር ለማደብዘዝ አትሞክሩ።

የፍጥነቱ ነገር ችላ አይባልም። አርዱኢኖ የሚባለው የማይክሮኮንትሮለር ቦርድ ቅንብሩ ሳይነካ በአብዛኞቹ እግሮቹ 490 ኸርዝ ይሰጣል፤ ዐይን ላይረብሽ ይችላል፣ በስልክ ካሜራ ግን ጥቁር መስመሮች ይታያሉ። በ2015 የወጣው የአይ ትሪፕል ኢ (የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር) 1789 ምክር ሙሉ በሙሉ ለሚበራና ለሚጠፋ ብርሃን ከ1250 ኸርዝ በላይ ያለውን ዝቅተኛ አደጋ ያለው፣ ከ3000 ኸርዝ በላይ ያለውን ደግሞ ጉዳት የማይታይበት ይለዋል። ልጅ የሚያጠናበት ወይም ራስ ምታት ያለበት ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ከሆነ ከ3000 በላይ አድርጉት።

ደረጃዎቹንም ለዐይን አስተካክሉ። ከ0 እስከ 255 በእኩል እርምጃ ብትጨምሩ መጀመሪያው ላይ ይዘልላል፣ መጨረሻው ላይ ምንም አይለወጥም። የማዞሪያውን ቁጥር በ255 አካፍላችሁ በራሱ አባዙት፣ ከዚያ መልሳችሁ በ255 አባዙ፤ ልዩነቱን ወዲያው ታያላችሁ። ዝቅታው ላይ አሁንም እርምጃው ከታየ 12 ቢት ያለው ፒደብሊውኤም ያስፈልጋል።

ቪዲዮ ለሚቀርጽ ሰው ፒደብሊውኤምን ትቶ ቮልቴጁን ራሱን በኤልኤም2596 ሞጁል ማውረድ ይቻላል፤ መርገብገብ የለውም፣ እስከ 3 አምፔር ይሰጣል። ማዞሪያው ላይ ግን የሚሠራው ከ8 እስከ 12 ቮልት ያለው ጠባብ ክፍል ብቻ ነው፤ መግቢያውም ከ12 ቮልት ጥቂት ከፍ ማለት አለበት። ለትልልቅ ፓነሎች ደግሞ ከ0 እስከ 10 ቮልት ትእዛዝ የሚቀበል ድራይቨር መግዛት ከሁሉም ያነሰ ጣጣ አለው።

## በአንድ ላይ ሲታዩ

| መንገድ | የሚሆነው አምፖል | ማስተካከያው | መርገብገብና ድምፅ | ሙቀት | ወጪ | ለሠሪው ያለው አደጋ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ሬዚስተር | ትንሽ 12 ቮልት አምፖል | አንድ ደረጃ | የለም | በጣም ብዙ | ዝቅተኛ | በ220 እሳት |
| ዳዮድ | ባለ ክር | አንድ ደረጃ | ይርገበገባል | ጥቂት | እጅግ ዝቅተኛ | ኮረንቲ |
| ካፓሲተር | ባለ ክር | በደረጃ | የለም | የለም ማለት ይቻላል | ዝቅተኛ | ኮረንቲ፣ የቀረ ቻርጅ |
| ቫርያክ | ባለ ክር | ለስላሳ | የለም | ጥቂት | ከፍተኛ | ኮረንቲ |
| ትራያክና ዳያክ | ባለ ክር፣ አንዳንድ ዲመብል ኤልኢዲ | ለስላሳ፣ ታች ላይ ቦግታ | ጥዝታ አለ | ጥቂት | ዝቅተኛ | ኮረንቲ |
| ትራያክ በኮንትሮለር | እንደ ላይኛው | ለስላሳ፣ በፕሮግራም | ጥዝታ አለ | ጥቂት | መካከለኛ | ኮረንቲ፣ ውስብስብ |
| ከኋላ የሚቆርጥ | ዲመብል ኤልኢዲ፣ ባለ ክር | ለስላሳ | በጣም ጥቂት | ጥቂት | ከመካከለኛ በላይ | ተገዝቶ ሲገጠም ጥቂት |
| ሞስፌትና ፒደብሊውኤም | 12 እና 24 ቮልት ኤልኢዲ | ከሁሉም ሰፊ | በፍጥነቱ ይወሰናል | ጥቂት | ዝቅተኛ | በጣም ጥቂት |

## ለማን የትኛው

ገና እየተማራችሁ ከሆነ 12 ቮልት ስትሪፕ፣ አዳፕተር፣ ኤንኢ555ና አንድ ሞስፌት ግዙ። ለመማር ትራያክ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። 220 ቮልት ላይ ኦሲሎስኮፕ (ሞገዱን በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) ሳይኖር ስህተት መፈለግ ለጀማሪ አደጋ ነው።

ባለ ክር አምፖል ያለበትን የንባብ መብራት ማለስለስ የሚፈልግ ሁለት ካፓሲተርና ኮይል ያለውን የትራያክ ሰርኪት ይሥራ ወይም ይግዛ። በጀቱ ጠባብ ከሆነና አንድ ደብዛዛ ደረጃ ብቻ ከበቃው ዳዮድ። ቤቱ በኤልኢዲ አምፖል የተሞላ ሰው መጀመሪያ አምፖሎቹ ዲመብል መሆናቸውን ያረጋግጥ፤ ካልሆኑ ገንዘቡን ለአምፖሎቹ ያውጣ፣ ከዚያ ከኋላ የሚቆርጥ ዲመር ይጨምር። አሮጌውን የትራያክ ዲመር ይዞ ርካሽ ኤልኢዲ እየቀያየሩ መሞከር መጨረሻ የሌለው ወጪ ነው። መብራቱን በስልክ ማዘዝ የሚፈልግም ከቻለ ወደ 24 ቮልት ስትሪፕ ይዙር፤ 220 ላይ ካለው አምፖል ጋር የሚያደርገው ትግል በሙሉ ይቀርለታል።

220 ላይ የምትሠሩ እንደሆነ ዲመሩ የሚገባው በፌዙ መስመር ላይ ነው እንጂ በኒውትራሉ አይደለም፤ በፊቱም ለጭነቱ የተመጠነ ፊውዝ ይኑር። ፖቴንሽዮሜትሩ የፕላስቲክ ዘንግ ያለው ይሁን፤ የብረት ዘንግ ያለውን ከተጠቀማችሁ የማዞሪያው ቁልፍ የወለቀ ቀን ጣት የሚያርፈው ብረቱ ላይ ነው። ሰርኪቱ የማያስተላልፍ ሳጥን ውስጥ ተዘግቶ ካልሆነ በቀር ሶኬት አትሰኩ። ትራያክ ሲዘጋም ትንሽ ስለሚያሳልፍ ዲመሩን ዜሮ ላይ አድርጋችሁ አምፖል አትቀይሩ፤ ማብሪያው ለብቻው ይኑር፣ ስትቀይሩም ከዋናው አጥፉት።